ወንዙን ያልተሻገሩት

እድላዊት ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ስትጠጣ እናቷ የትናየት የምታየው ጉሮሮዋን ብቻ ነበር። ውሃው በወረደ ቁጥር ከአገጯ በታች ያለው ስስ ቆዳ ከፍ ይልና ይመለሳል። ልጅቷ ጣሳውን ከአፏ አላቅቃ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ሆዴ ውሃ ብቻ ሆነ እኮ» አለች። «ስሮጥ ይንቦጫረቃል።»

«ትንሽ ድገሚ።»

«አሁን ጠጣሁ እኮ፣ እማዬ! እኔ እንስራ ነኝ እንዴ?»

የትናየት ጣሳውን ተቀብላ የቀረውን ውሃ ደጅ ደፋችው። ልጇ በውሻ ከተነከሰች ወዲህ ጎህ ሲቀድ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከጨዋታ ስትመለስ፣ ሊመሽ ሲል ውሃ ታጠጣታለች፤ እያጠጣችም ታያታለች። መጀመሪያ ሰሞን ጣሳውን ስታቀብላት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን አይንቀጠቀጥም። ከብት እንደሚያጠጣ ሰው ሆናለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከልጅነቷ ጀምሮ ክፉ ክፉውን አሳቢ ናት። ባሏ አንዳርጌ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ስልኩ ሲዘጋ የሚታያት የተገለበጠ መኪና ነው። ልጅቷ ስታስነጥስ የሚሰማት የመርዶ ጥሩንባ ነው። ክፉን ነገር ቀድሞ ማሰብ እንደ ግብር ይመስላት ነበር፤ በወቅቱ ከከፈሉት ዋናው ነገር ደጅ አይደርስም። ዘንድሮ ግን ደረሰ። ሲደርስም ፍርሃቷን ሁሉ አስቀድማ ጨርሳው አገኛት።

አማቷ እትዬ ፋንቱ ከግድግዳው ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው፤ ፍም ነካኝ ካሉ ሰንብተዋል። በግራ እጃቸው ብቻ ስለሚለቅሙ ሥራው አልገፋላቸውም። ከጎናቸው ውሃ የያዘ ቅል ተቀምጧል።

«አጠጣሻት?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አጠጣኋት።»

«ዋጠች?»

«ዋጠች፣ እትዬ።»

«ተመስገን» አሉና እሳቸውም ከቅሉ ተጎንጭተው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

መንደሩ ጭር ብሏል። ከክረምቱ መውጫ ወዲህ ውሻ የሚባል ነገር አይሰማም። በሽታው የገባው በእነሱው ውሻ፣ በቻለው ነበር። ቻለው ጠፍቶ ሰነበተና ሲመለስ መንጋጋው ተንጠልጥሎ ለሃጩ ይዝረበረባል። እድላዊት አጥንት የተሰነቀረበት መስሏት ልታወጣለት እጇን አፉ ውስጥ ሰደደች። ጮኸች፤ አያቷ ሮጠው ደርሰው አስለቀቋት። እጇ ላይ የታየው የእሾህ ጭረት የሚያህል ነገር ነው። በማግስቱ ውሻው ሰውነት የሚባለውን ጎረቤታቸውን ባቱን ዘነጠለው። ሚሊሻው ጣሰው በጥይት ጣለው። ከዚያ ሕዝቡ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ የመንደሩ ውሻ በሙሉ ይገደል ብሎ ወሰነ፤ ዐይናቸውን ያልገለጡ ቡችሎች እንኳ አልቀሩም። ብዙም ሳይቆይ ጅብ የበግ ጋጣ ደፈረና ያው ሕዝብ እዚያው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ «ውሻውን ሁሉ ፍጁ ያለን ማነው?» እየተባባለ ተጨቃጨቀ።

የተነከሱትን ሁለቱን መሪጌታ ገብረ ሕይወት ዘንድ ወሰዷቸው። መሪጌታ ቤተ ልሔም ድጓ ቤት የተማሩ፣ ለውሻ በሽታ የሚሆን ሥር ከአባታቸው የወረሱ ሰው ናቸው። ሥሩን ወቅጠው በባዶ ሆድ አጠጧቸውና «አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገሩ» አሏቸው። «ወንዝ ከተሻገራችሁ መድኃኒቱ ይፈታል፤ የተኛው ይነሣል።» የትናየት ጤና ኬላ ሄዳም ጠይቃ ነበር። ክትባቱ የሚሰጠው ከወንዙ ማዶ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ እንደሆነ፣ ሲመጣም እንደሚነገራት ነገሯት። እሷም ሁለቱንም ያዘች፤ መርፌውን እየጠበቀች የወንዙን ክልከላ ጠበቀች። እትዬ ፋንቱም ልጅቷን ጥዬ አልሄድም ብለው፣ ለማዶው ደብር ንግሥ እንኳ ሳይሻገሩ ቀሩ። አርባው ገና አልሞላም።

ጣሰው ጠመንጃውን እንዳነገተ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ፋንቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ፊትህ?»

ጣሰው ልጅቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውነት ውሃ እምቢ ብሎ አደረ። ጣሳ ሲያይ ይጮኻል። አራት ሆነን ነው ይዘነው ያደርነው።»

እትዬ ፋንቱ እጃቸው ምስሩ ላይ ቀረ። «ተሻግሮ ነዋ!»

«ወዴት ይሻገራል? ከተነከሰ ወዲህ ከግቢው አልወጣም።»

«ተሻግሮ ነው እንጂ እንዲያው ዝም ብሎማ አይነሣበትም።»

ጣሰው የጠመንጃውን ማንገቻ እያስተካከለ አሰበ። «እንግዲህ… ያ ዶፍ የጣለ ቀን በደጁ ጎርፍ ወርዶ ነበር። በሬውን ሊያስገባ ሲል ተራምዶታል ይላሉ።»

«ይኸው!» አሉ እትዬ ፋንቱ። ቃሉ እፎይታ ነበረው። «አላልኩህም?»

የትናየት ቆማ ለሰውነት የሚሰማትን ሐዘን ጠበቀች። ባሏ ሲሄድ ማሳቸውን ያረሰላቸው እሱ ነው። ለበዓል ቅርጫ ሲገባ ድርሻቸውን ተሸክሞ የሚያመጣላቸው እሱ ነው። ምንም አልመጣም። የታሰባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንዝ የነበረው ዛሬ ጎርፍ ሆነ። ነገ ደግሞ ቦይ ይሆናል። ከነገ ወዲያ እግር መታጠቢያ።

ስልኳ ጮኸ። ራቢያ ነበረች። ራቢያ አርብ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ሁለተኛ ደረጃን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው የጨረሱት።

«የት ነሽ አንቺ ሴት? መጣ እኮ!»

«ምኑ?»

«የውሻው መርፌ ነዋ! ጤና ጣቢያው ደጃፍ ቆሜ ነው የምደውልልሽ። ሱቁን ለእህቴ ጥዬ። ገበያ ስለሆነ ከየቀበሌው የተነከሰ ሁሉ መጥቷል። ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ የሚያድር አይደለም አሉ። አሁኑኑ ልጅቷን ይዘሽ ውጪ።»

«ቆየች እኮ፣ ራቢያ። ከተነከሰች ቆየች።»

«ጠይቄልሻለሁ። በሽታው ካልጀመራት አልረፈደም አለኝ። ከጀመራት ግን…» ራቢያ ቃሉን ተወችው። «ደግሞ ሆድ ላይ አይደለም። ክንድ ላይ ነው፣ ሆዱ ድሮ ቀረ በያት።»

«ወንዙስ?»

ከወዲያ ራቢያ ድምጿን ከገበያው ጫጫታ በላይ ከፍ አደረገች።

«ባዮሎጂ አንደኛ የወጣሽው አንቺ» አለች፣ «ከአንቺ ኮርጄ ያለፍኩት እኔ። ወላሂ እኔን ነው ስለ ወንዝ የምትጠይቂኝ?»

የትናየት ስልኩን ዘጋች። ነጠላዋን አነሣች። ልጅቷ ለመታዘል አድጋለች፤ ቢሆንም ጎንበስ አለችላት፤ እድላዊትም ጀርባዋ ላይ ተለጠፈች። እትዬ ፋንቱ በሩን ይዘው ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«አርብ ገበያ።»

«አንዳርጌ በስልክ ምን አለሽ? እናቴን ስሚ አላለሽም?»

«ብሎኛል።»

«ታዲያ? ሰውነት ጎርፍ ተራምዶ እንዲህ ከሆነ ወንዝ የተሻገረችማ…»

«እትዬ፣ ትናንት ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ ስትንቦራጨቅ ነው የዋለችው። ጎርፍ ከተቆጠረ ኩሬም ይቆጠር።»

«ኩሬ ይነከሩበታል እንጂ አይሻገሩትም» አሉ እትዬ ፋንቱ ቁጣ ቁጣ እያላቸው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ማን ገደላት እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አለች የትናየት።

የጨው ዋጋ የተጠየቀች ያህል ነበር አመላለሷ። አሮጊቷ ዐይን ዐይኗን ሲያዩ ቆይተው ከበሩ ገለል አሉ።

መንገዱ በገብስ ማሳ መካከል ይወርዳል። ገብሱ እሸት ይዟል። አህያ የሚነዱ፣ ዶሮ በክንፏ ያንጠለጠሉ ገበያተኞች ከፊትም ከኋላም ነበሩ። ልጅቷን ያወቁ ሁሉ ከመንገዱ ወደ ማሳው ገቡ። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች። ሌላዋ ለጓደኛዋ «የዚያ የቻለው ባለቤቶች ናቸው» ስትል የትናየት ሰማች። ውሻው በሕይወት ሳለ ስሙን እንኳ የማያውቁት ሰዎች ነበሩ።

«እማዬ፣ ለምንድነው ከመንገድ የሚወጡት?»

«አህዮቻቸው እንዳይረግጡን ነው።»

«እኛ እኮ ረጅም ነን» አለች እድላዊት ከጀርባዋ ላይ ሆና።

የትናየት እየተራመደች የመምህር ዮሐንስን የባዮሎጂ ክፍል አስታወሰች። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ነገር ስለው «ቫይረስ ራሱን ችሎ አይኖርም፤ አይበላም፤ ሌላ አካል ውስጥ ገብቶ በዚያ አካል ዕቃ ራሱን ያባዛል» ሲሉ ራቢያ እጇን ሳታወጣ «እንደ ደላላ ነዋ፣ መምህር! የራሱ ዕቃ የለው፤ በሰው ዕቃ ይነግዳል» አለችና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። «ደላላ ግን ያስባል» አሉ። «ይህ አያስብም። ራሱን ሲገለብጥ ይሳሳታል። እልፍ ጊዜ ይሳሳታል። የማይበጀው ስሕተት ይጠፋል፤ የበጀው ይቀራል።» ከዚያ ስለ ውሻ በሽታ ነገሯቸው። መኖሪያው ምራቅ ነው፤ የታመመው ውሃ ቢጠጣ ምራቁ ታጥቦ ይወርዳል። ስለዚህ ጉሮሮ የሚያንቀው ቀረ፤ የማያንቀው ጠፋ። ውሃ የሚያስፈራ እንዲሆን ማንም አልመከረውም። በብዙ ዘመን እንዲህ ሆኖ ተገኘ።

ያኔ ደብተሯ ላይ ጽፋ ለፈተና አጥንታው ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ገባት። የመንደሩ ቃልም እንዲሁ ነው። ወንዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሰውነት ላይ ይሞት ነበር፤ ጎርፍ ሆኖ ተረፈ። እዚህ አገር ውሃ ሳይራመድ የሚሰነብት ሰው የለም፤ ስለዚህ ቃሉ መቼም አይሞትም። ይህን ያሰበችው ሳትቆጣ ነው። እርምጃዋ እንኳ አልፈጠነም።

ወንዙ ከክረምቱ ጎድሏል፤ ግን ገና ደፍራሽ ነው። ገበያተኞቹ ፊት ፊት ተሻግረው ማዶ እግራቸውን ያራግፋሉ። በወዲህኛው ዳር ድንጋይ ላይ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ተቀምጠው ጫማቸውን ያጠልቃሉ። ከማዶው ደብር ማኅሌት ቆመው አድረው ሲመለሱ ነው። መቋሚያቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል።

የትናየት ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። እሳቸው ልጅቷን አዩ፤ ወንዙን አዩ።

«መርፌው መጣ?» አሉ።

«መጣ፣ የኔታ። የሰውነትን ነገር ሰሙ?»

«አሁን ነገሩኝ። ጎርፍ ተራምዶ ነው አሉኝ።»

«እርስዎ ጎርፍ አላሉም ነበር።»

መሪጌታ የጫማቸውን ማሰሪያ አጠበቁ። «አባቴ ወንዝ ብሎ ነገረኝ፤ እኔም ወንዝ አልኩ። ጎርፉን የጨመረው ሰው ነው።»

«ጠጥተው የተረፉትስ? ብዙ ናቸው ይባላል።»

«ብዙ ናቸው።»

«አንዳቸውም ወንዝ አልተሻገሩም?»

«የሞተውን ነው እንጂ» አሉ መሪጌታ፣ «የተረፈውን ማን ተሻግረህ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀዋል?»

ካሉት በኋላ ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል ወደ ወንዙ ዞር አሉ። እድላዊት በእናቷ ትከሻ ላይ አገጯን አስደግፋ የሽማግሌውን ጢም ትመለከታለች።

«ብታሻግሪያት መድኃኒቴ ተፈትቷል እላለሁ» አሉ መሪጌታ። «ልጎዳሽ ብዬ አይደለም። የማውቀው እሱን ነው።»

«ይበሉ፣ የኔታ።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ዘረጉላት። «ከትልቁ ድንጋይ በላይ በላዩን ያዢ። በታቹ ጉድባ አለው።»

ጫማዋን አውልቃ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ገባች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ ባቷን ያዘ። እግሯ የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር። መካከል ላይ ስትደርስ አንድ ሞገድ ድንጋይ መትቶ ተረጨ፤ እድላዊት ጮኻ የእናቷን አንገት አነቀችና ፊቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች።

የትናየት ቆመች።

«ምን ሆንሽ?»

«ውሃው!»

«ውሃው ምን አደረገሽ?»

«ያዞረኛል።»

ወንዙን መጀመሪያ ያየ ልጅ ሁሉ እንዲህ ይላል። በሽታው የጀመረውም ሰው እንዲህ ይል ይሆናል። የትናየት መቋሚያውን ብብቷ ሥር አጥብቃ ያዘችና ጎንበስ ብላ በመዳፏ ከወንዙ ጨለፈች። እጇን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ አሳለፈች።

«ጠጪ።»

«እዚህ?»

«እዚሁ ጠጪ።»

«እንስራ አይደለሁም አልኩሽ እኮ!» አለች እድላዊት፤ ግን ከንፈሯ የእናቷን መዳፍ ነካ። ጉሮሮዋን ማየት አይቻልም። የትናየት አንገቷ ላይ የተለጠፈው ቀጭን ደረት ውስጥ የሚወርደውን ነገር በጀርባዋ አዳመጠች። ወረደ። «አፈር አፈር ይላል» አለች ልጅቷ።

የትናየት ደስታ አልተሰማትም። የሚቀጥለውን እግሯን የት እንደምታሳርፍ ብቻ አየች።

«የትናየት!»

ዞረች። እትዬ ፋንቱ ከኋላ ተከትለዋት ኖሮ ዳሩ ላይ ቆመዋል። ከውሃው ርቀው፣ ጤዛ እንኳ እንዳይነካቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው። በግራ እጃቸው የቀኛቸውን ጨርቅ ይፈታሉ። ጨርቁ ረጅም ነበር፤ ፈትተው ጣሉትና አንጓቸውን ወደ ላይ አንሥተው አሳዩአት። የእሳት ጠባሳ አልነበረም። ጥርስ የገባበት ሁለት ጥቁር ነጥብና ተጎትቶ የዳነ ረጅም ጭረት ነበር።

«እጇን ከአፉ ሳስለቅቅ ነው» ብለው ጮኹ።

የትናየት ከውሃው መካከል ጮኸች። «ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«የኔታ ሥሩ አልቆብኛል፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው የቀረኝ ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱ እሷና ሰውነት ናቸው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔ ወንዙን ብቻ ጠበቅሁ።»

መሪጌታ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸውን ደፉ።

የቅሉ ውሃ ታወሳት። ዋጠች ወይ እያሉ የሚጠይቁት፣ ጠይቀው እሳቸውም የሚጎነጩት። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ነገር ሲጠብቁ የከረሙት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ እሷ ግን አንዷን ብቻ ስታይ ነበር። ክፉ ክፉውን ሁሉ ያሰበች መስሏት ይህን አላሰበችውም።

«የዚያ መርፌ መድኃኒት» አሉ እትዬ ፋንቱ፣ ወንዙ እንዳይሰማባቸው የፈሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ኋላ ከፍ አድርገው፤ «ለስንት ሰው ነው? የእሷን የሚነካ ከሆነ አልመጣም።»

«ለሁሉም ነው፣ እትዬ! የተነከሰ ሁሉ ነው የተጠራው!»

«ላሮጊትም?»

የትናየት ልጅቷን ጀርባዋ ላይ አጠበቀች። ወደ ማዶ የቀረውን ውሃ ቸኩላ ተሻገረችና እድላዊትን ደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። «ከዚህ እንዳትነቃነቂ» አለቻትና ተመልሳ ገባች። ያን ጊዜ ብርዱ አገኛት። ከእግሯ ጣት ጀምሮ አጥንቷን እየበሳ ወደ ላይ ወጣ። ጥርሷ ተንገጫገጨ። ከመቋሚያው ጋር የተጣበቀው እጇም መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልታቆመው ሞከረች፤ አልቆም አላት።

እንደዚያው እየተንቀጠቀጠች ዳሩ አጠገብ ደርሳ ባቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ መቋሚያውን ዘረጋች።

እትዬ ፋንቱ ጫማቸውን አወለቁ። ጎን ለጎን አድርገው፣ ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው፣ ድንጋዩ ሥር አስቀመጡት። አማተቡ። በተነከሰው እጃቸው የመቋሚያውን ጫፍ ያዙ። ውሃውን ብዙ ጊዜ አዩት። የትናየት ደግሞ እሳቸውን፣ ጉሮሯቸውን አየች፤ ምራቃቸውን ዋጡ።

አንድ እግራቸውን አነሡ።

«እማማ፣ ይበርዳል እሺ!» ብላ ለአያቷ ጮኸች እድላዊት ከማዶ።